ለቅሶ ልደርስ ሞጣ የሄድኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ልደታ

«የሞጣ ተማሪዎችማ መምህርታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። አንድ ቀን አይቀሩባትም!»

ይህን ያለው ከሞጣ ቢቸና የሚመላለሰው በርበሬ ነጋዴ ነው። ለእኔ አልነበረም፤ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው። እኔ የእናቴን ሽንብራ ይዤ ተራ እየጠበቅሁ ነበር፤ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ከፊቴ ካለችው ሴትዮ ራቅ ብዬ። የሞጣ ተማሪዎች መምህርት ማን ናት? እኔ ነኝ። ዞር ብዬ «ስለ ማን ነው?» ማለት ራስን ማስሞገስ መሰለኝና ዝም አልኩ። ቤት እንደገባሁ ጥናቱ ውስጥ «ከኅብረተሰቡ በአጋጣሚ የተገኘ ምስክርነት» ብዬ አስገባሁት። ሽንብራውን እዚያው ወፍጮ ቤት ረስቼው ነው የመጣሁት። እናቴ መልሳ ላከችኝ።

ኮሮና አልፎ ይህን ሳነበው ግራ እንዳይገባኝ ነገሩን ላስቀምጠው። ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ ወዲህ እናቴ ቤት ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቼ «የምርምር ዘዴ» የሚባለውን ኮርስ በስልክ አስተምራለሁ። ድምፄን ቀድቼ ግሩፑ ላይ እለቅቃለሁ፣ ያዳምጣሉ፣ ጥያቄ እልካለሁ፣ ይመልሳሉ። ተማሪዎቼ ራሳቸው አስተማሪዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ያሉት ቢቸናና ዙሪያዋ፣ ግማሾቹ ሞጣ። እግረ መንገዴን ከሐያት ጋር ሆነን ስለዚሁ ስለ ድንገተኛው የኦንላይን ትምህርት እናጠናለን። ሐያት የሞጣ ልጅ ናት፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ተማሪ ሳለን አንድ ዶርም ነበርን፣ አሁን አንድ ትምህርት ክፍል እናስተምራለን። እሷ የሞጣዎቹን ትከታተላለች፣ እኔ የቢቸናዎቹን። አንድ ሕግ አለን፤ ከስልኩ ውጪ እጃችንን አናስገባም። በአካል አናስረዳም፣ አናግዝም። ካገዝን፣ ያስተማራቸው ስልኩ መሆኑን በምን እናውቃለን?

እስካሁን የሞጣዎቹ ያበራሉ። የቢቸናዎቹ ዝም ብለዋል።

ሪፖርቱ እስከ እሑድ ኮሌጁ መድረስ አለበት። ዲኑ በስልክ እንዳስረዱኝ፣ ጥናቱ «ስልክ ይበቃል» ካለ ኮርሱ በዚሁ ይዘጋል፣ ውጤት ይሰጣል። መከታተል ያልቻሉት በራሳቸው ቸልተኝነት እንደቀሩ ተቆጥረው ዓመቱን ይደግማሉ። «ቸልተኝነት» የእሳቸው ቃል ነው። እኔ «ዝምታ» ነበር ያልኩት።

የሐዋርያት ጾም ዛሬ ገባ። እናቴ ደስ ብሏታል። ጾም ሲገባ ደስ የሚለው ሰው እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

ማክሰኞ

የሞጣዎቹ ለምን በለጡ? እስካሁን ያሰብኩት፦

የሞጣ ኔትወርክ ይሻላል። (ሐያት ምንም አይሻልም ትላለች።)

የነጋዴ ከተማ ናት፣ ሰው ስልክ ላይ መዋል ለምዷል። (ቢቸናስ ምንድን ናት፣ ገዳም?)

ድምፄ። (ይህን ሪፖርቱ ውስጥ አላስገባውም። ግን ሌላው ምክንያት ሁሉ ሲወድቅ የሚቀረው እሱ ነው።)

ከሰዓት ጋሼ ምንይችልን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጋሼ ምንይችል ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው ርዕሰ መምህር ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን እኔ ጋ ይማራሉ። እኔ በዕድሜያቸው አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው በወንበሬ አንቱ ይሉኛል። ሰላምታችን ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል።

«ትምህርቱ እንዴት ነው ጋሼ?»

«ድንቅ ነው፣ መምህርት።»

«ያዳምጡታል?»

«ክቡ ይዞራል፤ እኔም እጠብቃለሁ።»

«የትኛው ክብ?»

«ድምፅዎ ከመምጣቱ በፊት የሚዞረው ነዋ። ትዕግሥት ያስተምራል። ባለፈው ጉብታው ላይ ወጥቼ አንድ ቃል ሰምቻለሁ።»

«ምን የሚል?»

«‹ስለዚህ› የሚል።»

ይህን ወደ ጥናቱ እንዴት እንደማስገባው አላውቅም። «ተሳታፊው ድምዳሜውን ሰምቷል፣ መነሻውን አልሰማም» ልበል?

ማምሻውን ሐያት ደወለች። የላክሁላትን ረቂቅ አንብባዋለች። የሞጣዎቹን ውጤት የሚያብራራውን ምዕራፍ «ግሩም ነው፤ አንድ ቃል እንዳትነኪ» አለችኝ። ሐያት የማንንም ጽሑፍ ግሩም ብላ አታውቅም፣ የራሷንም ቢሆን። ስልኩን ዘግቼ ሳፏጭ እናቴ ሰማችኝ። «በጾም ታፏጫለሽ?» አለች።

ረቡዕ፣ በዓታ

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጪ ቆማ ተሳልማ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ፦

«ሐያት ማን ሞቶባት ነው?»

«ማንም አልሞተባትም።»

«ቤታቸው ድንኳን ተጥሎ የለ! በርበሬ ነጋዴው ነው የነገረኝ። ሰው ይገባል፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ይወጣል አለኝ። ከተጣለም ሰነባብቷል።»

ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መልእክት ገባልኝ፦ «ደህና ነን አልሐምዱሊላህ። ሥራ ላይ ሆኜ ነው።»

ለእናቴ አነበብኩላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ሰው ሞቶበት ሥራ ላይ ነኝ የሚል፣ አንጀቱ ያረረ ነው» አለች።

እዚህ ላይ አእምሮዬ መሥራት ነበረበት። እስላም ቤት ሐዘን ሦስት ቀን ነው፤ ድንኳን አይሰነብትም። ይህን አውቃለሁ፣ ማንም ያውቃል። እኔ ግን «ሟቹ ትልቅ ሰው መሆን አለበት» ብዬ አለፍኩት። ትልቅ ሰው ካልኩ ደግሞ አባቷ ናቸው። በረመዳን ዶርም ድረስ ቴምር የሚልኩልን አባቷ! ለእኔም ለብቻ ይቋጥሩልኝ ነበር፣ «ለክርስቲያኗ» ብለው።

የከፋኝ መርዶው ለእኔ አለመነገሩ ነው። ከዚያ ትዝ አለኝ። ትናንት ሐዘን ላይ ተቀምጣ ረቂቄን አንብባልኛለች! ሐዘን ላይ ሆና «ግሩም ነው» ብላኛለች! እንዲህ ያለ ወዳጅ የት ይገኛል ብዬ አለቀስኩ።

«ነገ ትሄጃለሽ» አለች እናቴ።

«ኮሮናውስ?»

«ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ከኮሮናው ይብሳል። ከኮሮናው የዳነ አለ።»

ሐሙስ፣ ሞጣ

ይህን የምጽፈው ሐያት ቤት ሆኜ ነው። የመመለሻ መኪና አምልጦኛል። ባያመልጠኝ ይሻል ነበር።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልሆነ ራሴም አላምነው።

የእናቴን ጥቁር ነጠላ ለብሼ በጠዋት ወጣሁ። ሚኒባሱ በግማሽ ነው የሚጭነው፣ ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ተለጥፎ። ደብረ ወርቅ አለፍን፣ ግንደወይን አለፍን። መንገዱን ሙሉ የጋሼ ሙሐመድን፣ የሐያትን አባት ማለቴ ነው፣ ደግነት አንድ በአንድ ሳስታውስ መጣሁ። ሞጣ ስወርድ ዓይኔ አብጦ ነበር።

ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት፤ የዕድር ድንኳን ነው። እውነት ነው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከደጅ ጀምሮ ያሰማል፤ ዝም ብሎ የገባ ሊበላ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ነጠላዬን አዘቅዝቄ «ወየው! ወየው አባቴ! ወየው ደጉ አባቴ!» እያልኩ ገሠገሥኩ።

ጋሼ ሙሐመድ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ትርንጎ? ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ አየሁ። አግዳሚ ወንበሮች፣ ተራርቀው የተቀመጡ ሰዎች፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። አንገታቸውን የደፉት ስለሚጽፉ ነው። የሞጣ ተማሪዎቼ ናቸው፣ አንድም ሳይጎድል። ፊት ለፊታቸው ሁለት ሳጥን ላይ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ላይ በሐያት እጅ «መረጃ የሚበከልባቸው መንገዶች» ተብሎ ተጽፏል። ሐያት ጠመኔ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች።

ተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለመምህርት ይሁን ለአልቃሽ አላወቅሁም። እንባዬ ግን እየወረደ ነበር። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ እንባ ቀድሞ ወጥቶ ምክንያቱ ከኋላ ደረሰበት።

ውባንተ የሚባለው ተማሪ፣ ወደ መምህርነት ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት የከረመ ቀልደኛ፣ ቦታ ለቀቀልኝ። «ምዕራፍ አራትን ጨርሰናል ቲቸር» አለኝ። ደስ ይላታል ብሎ ነው።

ድንኳኑ ለጥላ ነበር፤ ቤት ውስጥ መሰብሰብ ስለፈሩ ሜዳ ላይ ይሻላል ብለው ነው። የቀበሌው ጥበቃ መጥቶ «ይሄ ምን ስብሰባ ነው?» ሲል ውባንተ «ለቅሶ ነው» አለው። «ማን ሞተ?» ሲለው «ሴሚስተሩ» አለው። ጥበቃው ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካቸውም። ጋሼ ሙሐመድ ግን «በቤቴ ላይ ሞት ትጠራላችሁ?» ብለው አኩርፈው ነበር አሉ። አሁን ለምደውታል፤ ወንበር የሚደረድሩት እሳቸው ናቸው።

ሐያትን ወደ ጨርቅ መጋዘኑ ይዣት ገባሁ። ወይም እሷ ይዛኝ ገባች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ሳምንት።»

«ድምፄን አልሰሙም?»

«የመጀመሪያውን ሰምተዋል። ግማሹን።»

«ሕግ ነበረን፣ ሐያት።»

«ደጄ ላይ መጥተው ቆሙ እኮ! ውባንተ ስልክ የለውም፤ የወንድሙን እየተዋሰ ‹ተሰምቷል ቲቸር› ብሎ ይጽፍልሻል። ምን ልበለው? ሂድ፣ ጥናት ላይ ነን፣ አንተ ስትወድቅ እንመዘግባለን ልበለው?»

«ለእኔ ብትነግሪኝስ?»

«ታስቆሚኝ ነበር።»

«አዎ!»

«በቃ፣ ለዚያ ነው።»

እዚህ ድረስ እችለው ነበር። ማስተማር ነው፤ ሰው አስተማረ ተብሎ አይጠላም። ግን ጠየቅኋት።

«ረቂቁንስ? ግሩም ነው፣ አንድ ቃል እንዳትነኪ ያልሽኝስ? የሞጣ ልጆች በድምፄ እንደተማሩ የሚያትት ምዕራፍ ነው እኮ።»

አንድ ጣቃ ጨርቅ አንሥታ መልሳ ጠቀለለችው። ጥቅልሉ ምንም አልሆነም ነበር።

«ደስ ብሎሽ ነበር» አለች። «ቤት ከገባሽ ወዲህ ደስ ብሎሽ የሰማሁሽ ያን ቀን ነው። ምን ልበልሽ?»

እንደ በሽተኛ ነው ያየችኝ፤ በሽተኛን «ዛሬስ ፊትሽ መልካም ነው» እንደሚሉት።

እናቷ ምሳ አቀረቡልኝ። «ጾም ገብቶ የለ፣ ልጄ፤ ዘይት ነው፣ ድስቱንም ለይቼዋለሁ» አሉኝ። በሰው ቤት ተናድጄ የረሳሁትን ጾሜን ያስታወሱልኝ እሳቸው ናቸው። በላሁ። ኩርፊያ ሆድ ባዶ ሲሆን ነው የሚያምረው።

ዓርብ፣ አቦ

ተመለስኩ። ሐያት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ቦርሳዬን ያዘችልኝ፤ አልተነጋገርንም። ሚኒባሱ ሲነሣ «ስትደርሺ ደውዪ» አለችኝ። አልደወልኩም።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

በርበሬ ነጋዴው ትክክል ነበር። ተማሪዎቹ መምህርታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ያያሉ፣ አንድ ቀን አይቀሩባትም። ምስክርነቱን ከጥናቱ ሰረዝኩት፤ ከዚያ ውሸት አለመሆኑ ትዝ አለኝና መልሼ ጻፍኩት። መምህርቷ ሐያት ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

እናቴ ማታ ሽሮዋን እያማሰለች፦

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ድንኳኑስ?»

«ትምህርት ቤት ነው።»

ማማሰሏን አቆመች።

«ለዚህ ነው ጥቁር ነጠላዬን አቧራ ያስገባሽብኝ?»

ቅዳሜ

ሪፖርቱን ሁለት ዓይነት አድርጎ ማሰብ ይቻላል።

እንዳለ ልላከው። ሐያት ምንም አትሆንም፤ ሞጣዎቹ ውጤታቸውን ያገኛሉ፤ እኔ «በድምፅ መልእክት ያስተማረችው» እባላለሁ፤ ምናልባትም ለሌሎች መምህራን ሥልጠና እንድሰጥ እጠየቃለሁ። ጋሼ ምንይችል ዓመቱን ይደግማሉ፣ በቸልተኝነት።

ወይም እውነቱን ልጻፈው። መሰብሰብ በተከለከለበት ጊዜ ሰው ሰብስባ ማስተማሯ፣ የራሷን ጥናት ማፍረሷ ይታወቃል። ኮሌጁ እንደ ወንጀል ሊያየው ይችላል። የሞጣዎቹ ውጤትም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የቢቸናዎቹ ዝምታ ግን ቸልተኝነት መባሉ ይቀራል፤ ስልኩ ማንንም አላስተማረማ።

አንዱንም ሳልመርጥ ጋሼ ምንይችል መጡ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ቤት አልገባም ብለው፣ ለእናቴ ፈርተው።

«ትደግማላችሁ ተብሏል የሚባለው እርግጥ ነው፣ መምህርት?»

«ገና አልተወሰነም።»

«ከጡረታ በፊት ብጨርሰው ብዬ ነበር። ለእድገቱ አይደለም፤ እሱ አልፏል። ትምህርት ቤቱ ሲሸኘኝ አንድ ወረቀት ከፍ አድርጌ ባሳይ ብዬ ነው። ልጆቹ ያያሉ።» ከዚያ፦ «ሞጣዎቹ ድንኳን አላቸው፣ እድለኞች ናቸው።»

«ድንኳኑን ያውቁታል?»

«ሁላችንም እናውቃለን።»

«ሁላችሁም?»

«የቢቸናው ሁሉ። የሞጣዎቹ እኮ የሥራ ባልደረቦቻችን ናቸው፣ እንደዋወላለን።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

በጣም ተሸማቀቁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። «ጥናት ላይ ነዎት። እናበላሽብዎታለን ብለን ፈራን። ደግሞ ሰውን ከወዳጁ ማጣላት ነውር ነው፣ ልጄ» አሉኝ። መምህርት ማለት ረስተው ልጄ አሉኝ።

ስለዚህ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። የምርምር ዘዴ መምህርቷ። ሞጣ አዝናልኝ ዋሸችኝ፣ ቢቸና አፍራ ዋሸችኝ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት መረጃ የሚበከልባቸውን መንገዶች ገጽ ሙሉ ይዘረዝራሉ፤ ይሉኝታ የሚል አንዳቸውም ላይ አላየሁም።

እናቴ ጋሼ ምንይችልን በርቀት ሸኝታ ተመለሰች። «ምን አሉሽ? ፊትሽ ጠቆረ» አለች። «ምንም» አልኳት። እኔም ጀመርኩ ማለት ነው።

እሑድ፣ ሥላሴ

ጻፍኩት።

«የሞጣ ተማሪዎች ውጤት የተገኘው በአካል በተሰጠ ትምህርት ነው። ትምህርቱን የሰጠችው የዚህ ጥናት ሁለተኛ አጥኚ ናት። የቢቸና ተማሪዎች ዝምታ ቸልተኝነትን አያሳይም፤ ትምህርቱ አልደረሳቸውም።»

ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ስህተት የለበትም። «በርኅራኄ ተነሣሥታ» የሚል ጨመርኩበት፤ ከዚያ ማስረጃ የለኝም ብዬ አጠፋሁት። ማስረጃ አለኝ፤ ድንኳን ሙሉ ማስረጃ አይቻለሁ። ያጠፋሁት ተናድጄ ስለነበር ነው።

ከምሳ በኋላ በኢሜይል ላክሁት። አጥሩ ጥግ ነው ኔትወርክ የሚይዘው፤ እናቴ ጎመን የተከለችበት ቦታ ቆሜ። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፣ ሄደ።

ለሐያት አስቀድሜ መደወል ነበረብኝ። እሷም አስቀድማ ልትደውልልኝ ይገባት ነበር። እኩል ሆንን። ሰው ከወዳጁ ጋር እኩል ሲሆን እንዲህ እንደሚከብደው አላውቅም ነበር።

ሰኞ

ከኮሌጁ ጸሐፊዋ ደወለች።

«ሪፖርቱ ደርሶናል፣ መምህርት። ግን አልከፈትነውም።»

«ፋይሉ አልሠራ ብሎ ነው?»

«አይ፣ በሶፍት ኮፒ አንቀበልም። ታትሞ፣ በሁለታችሁም ተፈርሞ፣ በአካል ይቅረብ ተብሏል። ለእሱ እስከ ዓርብ ተራዝሟል።»

«ዩኒቨርሲቲው ዝግ ነው እኮ።»

«መዝገብ ቤት ክፍት ነው።»

ማንም አላነበበውም ማለት ነው። በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ አልክድም። ያቺን ዐረፍተ ነገር አውጥቼ ልጥላት እችላለሁ፣ ማንም አያውቅም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየኋት። ከዚያ ጋሼ ምንይችል ባርኔጣቸውን ሲያወልቁና ሲያደርጉ ታዩኝና ዘጋሁት። «በርኅራኄ ተነሣሥታ» የሚለውን ግን መልሼ አስገባሁት።

ሐያት ጋ ደወልኩ። ወዲያው አነሣችው።

«ሪፖርቱ ላይ ፊርማሽ ያስፈልጋል አሉ» አልኳት።

«አምጪው።»

«መጀመሪያ ማንበብ አለብሽ።»

«ምን ጽፈሻል?»

«የሆነውን።»

ከጀርባዋ የድንኳኑ ሸራ በነፋስ ይመታል፤ ሰዎች ያወራሉ።

«ስሜን ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ልከሽዋል?»

«ትናንት። ሳይከፍቱት ቀሩ።»

«ሳትነግሪኝ።»

«ሳልነግርሽ።»

«ጎበዝ ነሽ» አለች። ምጸት ይሁን አይሁን ከድምፅዋ አልለይ አለኝ። ወዲያው ደግሞ፦ «አነበዋለሁ። እፈርማለሁ ግን አላልኩም።»

«እሺ።»

«ስትመጪ ጠመኔ ይዘሽ ነይ፤ እዚህ አልቋል።» ዘጋችው።

ከሰዓት መብራት ከመጣ ሪፖርቱን አሳትማለሁ። ነገ ጋሼ ምንይችል አብረውኝ ይሄዳሉ፤ ሞጣ ዘመድ አለኝ ብለዋል፣ የትኛው ዘመድ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ሐያት ትፈርም እንደሆነ አላውቅም። ካልፈረመች ሪፖርቱ አይገባም፣ ቢቸናዎቹ ይደግማሉ፤ ከፈረመች እሷ ምን እንደምትሆን አላውቅም። እናቴ ጥቁር ነጠላውን አጥባ አስጥታዋለች፤ ዛሬ ነጩን ሰጠችኝ።

ጥናቱ ዩኒቨርሲቲ በችግር ጊዜ ሥራውን በኢንተርኔት ማካሄድ ይችል እንደሆነ የሚመረምር ነው። በኢንተርኔት አይቀበሉትም።